«ሲያስፈልግ» የሚለው ትእዛዝ፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የልጆችን ስቃይ ማን ያየዋል?

የእህቴ ልጅ የቡአ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት አራት ዓመቱ ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ከኦፕራሲዮን ክፍል ወጥቶ ወደ ዋርድ ሲመጣ ሁላችንም እፎይ አልን። ከሰዓት በኋላውን ደህና ነበር፤ ጭማቂ ጠጣ፣ አባቱ ያመጣለትን መኪና በአንሶላው ላይ ነዳ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የቀን ነርሶች ለሌሊት ተረኞች አስረክበው ወጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጁ ጨዋታውን ተወ። ጉልበቶቹን ወደ ሆዱ ሰብስቦ፣ ዓይኖቹን ጣሪያው ላይ ተክሎ ዝም አለ። የእናቱ ክንድ የአልጋውን ጠርዝ በነካ ቁጥር ከንፈሩን ይነክሳል። አልጋ ለአልጋ እየዞረች ሙቀትና የልብ ምት የምትመዘግብ ወጣት ነርስ አጠገቡ ቆም ብላ «ጎበዝ! እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፤ አያለቅስም» አለችና አለፈች። ክፋት አልነበረባትም፤ ያየችውን በቅንነት ነው የተናገረችው።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ በዕድሜ ጠና ያሉ ሌላ ነርስ መጡ። ትልቁን መብራት አላበሩም። ከአልጋው ጎን በርከክ ብለው ፊታቸውን ከፊቱ ትክክል አደረጉና «ማሙሽዬ፣ እስቲ ትንሽ ሳል በልልኝ» አሉት። ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። «እሺ፣ እግርህን ዘርጋልኝ» አሉት። አሁንም እምቢ። እንባው ያለ ድምፅ በጆሮው በኩል ወረደ። ካርዱን ገልጠው አነበቡ። ሐኪሙ ፓራሲታሞል አዝዘዋል፤ ከትእዛዙ ጎን የተጻፈው ግን «ሲያስፈልግ» የሚል ነው። ልጁ ወደ ዋርድ ከመጣ ጀምሮ አንድም ጊዜ አልተሰጠውም። ያስፈልገዋል ያለ ሰው አልነበረምና።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ የልጆችን ስቃይ እንዲያስታግሱ ነርሶችን ስለማሠልጠን ስናወራ፣ መነሻችን እዚህ ቃል ላይ መሆን አለበት እላለሁ። ያስፈልጋል ብሎ የሚወስነው ማን ነው? በምን አይቶ? ከወሰነስ በኋላ በእጁ ምን አለ?

በልጁ ላይ የደረሰው ነገር ምሥጢር የለውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና የማደንዘዣ ባለሙያው ልጁ ካንቀላፋ በኋላ ከጭራ አጥንቱ አካባቢ ቡፒቫኬይን የተባለ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ከወገብ በታች ያለውን አካል ለአራት፣ ለስድስት ሰዓት ያህል ያደነዝዛል። ሰዓቱን ብንቆጥር መድኃኒቱ የሚለቀው ልክ በርክክቡ ሰሞን ነው። የቀኗ ነርስ «ደህና ነው» ብላ አስረከበች፤ እውነቷን ነው። የሌሊቷ ነርስ ደህና የተባለ ልጅ ተረከበች። ስቃዩ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ገባ። የማደንዘዣውን ጠባይ የምታውቅ ነርስ ብትሆን ኖሮ ገና አሥር ወይም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ልጁ በመኪናው እየተጫወተ ሳለ፣ ፓራሲታሞሉን ትሰጠው ነበር። ሥር የሰደደን ስቃይ ከማስታገስ ቀድሞ መከላከል ይቀላል፤ የሚበቃው የመድኃኒት መጠንም ያንሳል። እንዲህ ያለው ነገር በመድኃኒት ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። አልጋው አጠገብ ቆሞ፣ ሰዓት አይቶ፣ የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል።

ስቃዩ ለአንድ ሌሊት ነው፣ ያልፋል የሚል ሰው አይጠፋም። የሆዱ ስፌት የሚያመው ልጅ ግን አይስልም፣ በደንብ አይተነፍስም፤ አክታው ሳንባው ውስጥ ይቀራል፣ ከዚያ የሳንባ ምች ሊከተል ይችላል። አይበላም፣ አይተኛም፣ ተነስቶ አይራመድም። ቁስሉ እንዲድን የምንፈልግለት ሰውነት ጉልበቱን ስቃዩን በመታገል ይጨርሳል።

ይህን ሕክምናው ራሱ ያመነው ብዙ ቆይቶ ነው። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በሀብታሞቹ አገሮች ጭምር አራስ ሕፃን ስቃይ በቅጡ አይሰማውም፣ ቢሰማውም አያስታውሰውም የሚሉ ሐኪሞች ብዙ ነበሩ። በ1985 በዋሽንግተን ያለ ጊዜው የተወለደ አንድ ሕፃን ልቡ አጠገብ ያለ የደም ሥር በቀዶ ሕክምና ሲዘጋለት የተሰጠው ጡንቻን የሚያሽመደምድ መድኃኒት ብቻ ነበር። እንዳይንቀሳቀስ ያደርገዋል፤ ስሜቱን ግን አይወስደውም። እናቱ ይህን ያወቀችው ሕፃኑ ከሞተ በኋላ ነው። ዝም አላለችም፤ ጉዳዩን ወደ ጋዜጣ አወጣችው፣ ወላጆችንም ሐኪሞችንም አነጋገረ። በዚያው ዘመን በኦክስፎርድ ካንዋልጂት አናንድ የተባለ ወጣት ሐኪም ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውን ሕፃናት ያጠና ነበር። በ1987 በላንሴት የሕክምና መጽሔት ያወጣው ጥናት፣ ፌንታኒል የተባለው ማስታገሻ የተጨመረላቸው ሕፃናት ሰውነታቸው ያነሰ እንደተጨነቀ፣ ከቀዶ ሕክምናውም በኋላ ያነሰ ችግር እንደገጠማቸው አሳየ። ከዚያ በኋላ «አይሰማውም» ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ሆነ።

«አያስታውሰውም» የሚለው ክርክርም አልጸናም። ይህ እኛን በቀጥታ ይነካናል፤ ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ያለ ምንም ማደንዘዣ መግረዝ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ የወተት ጥርስ ማስነቀል ስናይ ያደግን ነን። በ1997 እ.ኤ.አ. በቶሮንቶ አና ታዲዮና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት፣ ያለ ማደንዘዣ የተገረዙ ወንድ ሕፃናት በአራተኛው ወይም በስድስተኛው ወር ክትባት ሲወጉ ካልተገረዙት ይልቅ ስቃዩ ጠንክሮ እንደሚሰማቸው አሳይቷል። አእምሮው ታሪኩን ባይዝ እንኳ ሰውነቱ አንድ ነገር ይዞ ቆይቷል ማለት ነው።

ቋንቋችንም የራሱ ድርሻ አለው። አማርኛ ለበሽታውም፣ በሽታው ለሚያደርሰው ስቃይም «ሕመም» የሚል አንድ ቃል ይዟል። ስለዚህ ሐኪሙ በሽታውን ቆርጦ ካወጣ ሕመሙ ሄደ ብለን እንገላገላለን፤ የቀረው ነገር ሌላ ስም የለውምና ይረሳል። እኔ እዚህ «ስቃይ» እያልኩ የምጽፈው ሁለቱን ለመለየት ነው። ወደ ስሜቱ ስንመጣ ግን ቋንቋችን ጎተራ ነው፦ ይወጋኛል፣ ይቆርጠኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይነዝረኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይሰረስረኛል። እያንዳንዱ ለሚያዳምጥ ባለሙያ መረጃ ነው። «ይነዝረኛል» ያለ ልጅ ነርቭ እንደተነካበት ሊጠቁም ይችላል፤ «ይቆርጠኛል» ያለው ስፌቱን ሳይሆን አንጀቱን እያለ ይሆናል። ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ወደ ካርዱ ሲገለበጥ አንድ ቃል ይሆናል፤ ልዩነቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ነርሶችን የሚያሠለጥን ሰው ቢያንስ አንድ ሰዓት ለእነዚህ ግሶች ቢሰጥ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ተናጋሪ ሠልጣኞችም የየራሳቸውን ቢያወጡ፣ ብዙ የውጭ ስላይድ ከማሳየት የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ማርጎ ማካፈሪ የተባለች አሜሪካዊት ነርስ በ1968 እ.ኤ.አ. ስቃይ ማለት የሚሰማው ሰው «ይኸው ነው» የሚለው እንደሆነ ጽፋ ነበር። ለአዋቂ ይህ በቂ ነው። ዓለም አቀፉ የስቃይ ጥናት ማኅበር በ2020 ትርጓሜውን ሲያድስ ደግሞ አንድ ሰው መናገር አለመቻሉ ስቃይ የለበትም ማለት እንዳልሆነ አክሎ አስቀመጠ። ታዲያ መናገር የማይችለውን፣ ወይም መናገር ያልፈለገውን ልጅ እንዴት እንለካለን?

ከብዙዎቹ መለኪያዎች ለነርስ በጣም የሚመቸው በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው ፍላክ የሚባለው ነው። የሚያየው አምስት ነገር ነው፦ ፊት፣ እግር፣ እንቅስቃሴ፣ ለቅሶ፣ የመጽናናት ሁኔታ። ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሁለት ይሰጣል፤ ድምሩ ከአሥር ይታሰባል። ከሁለት ወር እስከ ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች ያገለግላል። እስቲ የእህቴን ልጅ እንለካው። አልፎ አልፎ ፊቱን ያጨማድዳል፣ አንድ። እግሮቹን ሰብስቦ ይዟል፣ ሁለት። ሰውነቱ ደርቋል፣ ሁለት። ለቅሶ የለም፣ ዜሮ። እናቱ ስትደባብሰው ትንሽ ላላ ይላል፣ አንድ። ድምሩ ስድስት። አራትና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ማስታገሻ ሊሰጠው ይገባል፤ «ጨዋ» የተባለው ልጅ አንዴ እንኳ ድምፅ አውጥቶ ሳያለቅስ ስድስት ላይ ነበር። ለቅሶ ከአምስቱ አንዱ ብቻ እንደሆነ ለአንዲት ወጣት ነርስ ማሳየት ደቂቃዎች የሚበቁት ትምህርት ነው፤ ዕድሜ ልኳን ትይዘዋለች።

ከፍ ላሉት ፊቶች የተሳሉበት መለኪያ አለ፤ ዶና ዎንግና ኮኒ ቤከር በ1983 እ.ኤ.አ. በኦክላሆማ ያዘጋጁት ስድስት ፊት ያለው ሥዕል በብዙ ሆስፒታሎች ግድግዳ ላይ ይታያል። አጠቃቀሙ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ልጁ «የትኛው ፊት ነህ?» ብቻ ከተባለ እናቱ አጠገቡ ስላለች ደስ ብሎት የሚስቀውን ሊጠቁም ይችላል። ጥያቄው ስለ ቁስሉ መሆኑን መንገር ያስፈልጋል። ቁጥር ለማያውቅ ልጅ ደግሞ ናንሲ ሄስተር የተባለች አሜሪካዊት በ1979 ያስተዋወቀችው ዘዴ አለ፤ አራት ክብ ነገሮች ይደረደሩና «ይህ አንዱ የስቃይ ቁራጭ ነው፤ አንተ ጋ ስንት አለ?» ይባላል። ቅልብልቦሽ ለሚጫወት የእኛ ልጅ አራት ጠጠር ይበቃዋል፤ ወጪም የለውም።

አንድ ነገር ሁሉንም መለኪያ ያበላሻል፦ መርፌ። «አመመህ?» ሲባል «አላመመኝም» የሚል ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሸሸው መልሱን ተከትሎ የሚመጣውን ነው። ከመቀመጫው ላይ መወጋት ከቁስሉ በላይ ያስፈራዋል። ስለዚህ የማስታገሻ መርፌን ከልጆች ዋርድ በተቻለ መጠን ማራቅ የምዘናው አካል ነው። ጉሉኮስ የገባበት ደም ሥር ካለ በእሱ፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ በሽሮፕ፣ ካልሆነም በፊንጢጣ በሚሰጥ ይሁን። ልጁ እውነቱን ሲናገር እንደማይቀጣበት ማወቅ አለበት።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ፣ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በተራ ነገሮች ነው። ፓራሲታሞል በየስድስት ሰዓቱ በኪሎ 15 ሚሊግራም፤ ሐኪሙ ከፈቀደ ኢቡፕሮፌን ታክሎ። 16 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 240 ሚሊግራም ማለት ነው፤ በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም ካለው ሽሮፕ 10 ሚሊሊትር። ስሌቱ የማንም አራተኛ ክፍል ተማሪ ስሌት ነው፤ ግን ልጁ ካልተመዘነ አይሠራም። ልጁ ገብቶ እስኪወጣ ሚዛን ላይ ካልወጣ፣ «አራት ዓመቱ ነው፣ አንድ ማንኪያ ይበቃዋል» በሚል ግምት ይታከማል።

ከፍ ያለ ስቃይ ሞርፊን ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ፍርሃቱ ይጀምራል። ትንፋሽ ያቆማል፣ ሱስ ያስይዛል ይባላል። ሞርፊን ትንፋሽን ሊያዳክም መቻሉ እውነት ነው፤ የሥልጠናው ፍሬም እዚህ ነው። መጠኑን በኪሎ ያሰላች፣ የልጁን አተነፋፈስ በየጊዜው የምትቆጥር፣ ናሎክሶን የተባለው ማርከሻ የት እንደተቀመጠ የምታውቅ ነርስ በድፍረት ልትሰጠው ትችላለች። ለጥቂት ቀን በሚሰጥ ማስታገሻ ልጅ ሱሰኛ ይሆናል የሚለው ፍርሃት ግን ሊወገድ ይገባል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ዕድሉ ራሱ አለመኖሩ ነው። የላንሴት ኮሚሽን በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በዓለም ይሠራጭ ከነበረው 298.5 ቶን የሚሆን ሞርፊን መሰል ማስታገሻ ውስጥ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች ይደርስ የነበረው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። ለነርሷ ሰጥታ የማታውቀውን መድኃኒት በወረቀት ማስተማር ውኃ ውስጥ ሳያስገቡ ዋና እንደማስተማር ነው።

ባዶውን ቦታ ብዙ ጊዜ የሚሞላው ትራማዶል ነው። እዚህ ላይ ኢትዮጵያውያን ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። ትራማዶልም፣ ኮዴይን የተባለው ሌላ ማስታገሻም በጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 በሚባል ኢንዛይም ተለውጠው ነው ኃይል የሚያገኙት። ይህን ኢንዛይም የሚያዘው ዘረ መል በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ ተደራርቦ ይገኛል፤ እነዚህ ሰዎች መድኃኒቱን እጅግ ፈጥነው ይለውጡታል፤ ስለዚህ የተለመደው መጠን በእነሱ ዘንድ ከመጠን በላይ ይሆናል። ኢትዮጵያዊቷ ሳይንቲስት እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በስዊድን ሆነው በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት ይህ የተደራረበ ዘረ መል አላቸው። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ቁጥሩ በጥቂት በመቶ ብቻ የሚቆጠር ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ቶንሲል ከወጣላቸው በኋላ ኮዴይን የተሰጣቸው ልጆች በመሞታቸው በ2013 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ2017 ደግሞ ኮዴይንም ትራማዶልም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስቃይ ማስታገሻ እንዳይሰጡ ከለከለ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2012 ለልጆች ባወጣው መመሪያ ኮዴይንን ትቶታል።

ይህ መረጃ በአዲስ አበባም፣ በጎንደርም፣ የእኛ ልጆች በሚታከሙባቸው በዋሽንግተንና በቴል አቪቭ ሆስፒታሎችም ዋርድ ውስጥ ተጽፎ ሊለጠፍ የሚገባው ነው። በውጭ ያሉ ወላጆችም ልጃቸው ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ስለ ኮዴይንና ትራማዶል ቢጠይቁ መብታቸው ነው። ከእነዚህ አንዱን የወሰደ ልጅ ከወትሮው በላይ ሲያንቀላፋ፣ ሲያንኮራፋ፣ ሲቀሰቀስ አልነቃ ሲል፣ «አሁን እፎይ ብሎ ተኛ» ተብሎ አይታለፍም። እዚህም ዝምታ ያታልላል።

ታዲያ ሥልጠናው ምን ይምሰል? ጥሩ ጅማሬዎች አሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. የኒውዚላንዱ ዌይን ሞሪስና የአውስትራሊያው ሮጀር ጉክ በፓፑዋ ኒው ጊኒ የጀመሩት የአንድ ቀን ሥልጠና ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል፤ መለየት፣ መመዘን፣ ማከም በሚሉ ሦስት ደረጃዎች ላይ የቆመ ነው፤ ሠልጣኞቹ ራሳቸው ተመልሰው አሠልጣኝ ይሆናሉ። ቀላልነቱ ጥሩ ነው። ግን ከአንድ ቀን ሥልጠና በኋላ ፈተና ወስዶ የተሻለ ነጥብ ማግኘትና ከሦስት ወር በኋላ በሌሊት ሌላ ዓይነት ሥራ መሥራት ለየቅል ናቸው። በካናዳ ስምንት የልጆች ሆስፒታሎች ውስጥ የተሞከረው ሌላ መንገድ ይበልጥ ይማርከኛል። የየክፍሉ ነርሶችና ሐኪሞች የራሳቸውን ዋርድ ካርዶች ገልጠው ያያሉ፤ የራሳቸውን ድክመት ራሳቸው ይመርጣሉ፤ አንድ ትንሽ ለውጥ ይሞክራሉ፤ እንደገና ካርዱን ያያሉ። ይህን ያደረጉት ክፍሎች ካላደረጉት ይልቅ ስቃይን በመመዘንም በማስታገስም ተሻሉ። ውድ መሣሪያ አልጠየቀም፤ የራስን ካርድ በሐቀኝነት ማንበብ ጠየቀ።

በአገራችን ስቃይን ከሙቀት፣ ከልብ ምት፣ ከአተነፋፈስና ከደም ግፊት ቀጥሎ አምስተኛ የሕይወት ምልክት አድርጎ የመመዝገብ አሠራር ተጀምሯል። ጥሩ ነው፤ ግን ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ ምንም ካልተደረገ ምዝገባው ብቻውን ልጁን አያሳርፈውም። እኔ አንድ ዋርድ ብጎበኝ መጀመሪያ የማየው «ማስታገሻው ከተሰጠ ከግማሽ ሰዓት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንት ሆነ?» የሚለውን ቦታ ነው። ባዶ ከሆነ ሥልጠናው እዚያ አልደረሰም።

ሥልጣንም ያስፈልጋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የልጁ ስቃይ ከአሥር ሰባት መሆኑን የለካች ጀማሪ ነርስ ሐኪም መቀስቀስ ትፈራለች፤ የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ ሌላ ሰው ዘንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ የምትጠብቃቸው ልጆችም ብዙ ናቸው። ይህን ሳያስተካክሉ እሷን ብቻ ማሠልጠን ጭንቀቷን መጨመር ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ፓራሲታሞል በሰዓቱ እንዲሰጥ፣ የስቃዩ ቁጥር ከተወሰነው ካለፈ ነርሷ ራሷ ቀጣዩን ማስታገሻ እንድትጨምር የሚፈቅድ የተፈረመ መመሪያ በዋርዱ ውስጥ መኖር አለበት። ሐኪሞቹና የሆስፒታል ኃላፊዎቹም ከነርሶቹ ጋር በአንድ ክፍል ቢሠለጥኑ እመርጣለሁ፤ «ሲያስፈልግ» ብሎ የሚጽፈው እጅ የእነሱ ነውና።

አስታማሚም አለ። በእኛ ሆስፒታሎች እናት ከልጇ አትለይም፤ ከአልጋው ሥር ነጠላዋን አንጥፋ ታድራለች። ልጇ ሲስቅና ሲከፋው ከማንም ይልቅ ታውቃለች፤ ሆኖም «ሲስተር፣ ልጄ ደህና አይመስለኝም» ስትል «አይዞሽ እናት፣ ይተወዋል» እየተባለች ትመለሳለች። በካናዳ ክሪስቲን ቼምበርስ የሠራችው ለወላጆች የሚሆን መለኪያ 15 ጥያቄዎች አሉት፦ ከወትሮው ያነሰ ይጫወታል? ያነሰ ይበላል? የታመመውን ቦታ ይይዛል? ከአጠገቤ አትሂጂ ይላል? ስድስትና ከዚያ በላይ አዎ ከሆነ ልጁ ትኩረት የሚያሻው ስቃይ ላይ ነው። ማንበብ ለማትችል እናት ነርሷ ብታነብላት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለአራስ ደግሞ መርፌ ሲወጋ ወይም ደም ሲቀዳ ጡት ማጥባት ራሱ ማስታገሻ ነው፤ ይህንንም እናቶቻችን ከማንም በፊት ያውቁታል።

በማግሥቱ ልጃችን ሊወጣ ሲል እኒያ ነርስ አሁንም መጡ። እህቴ ሽሮፑን በቤት ማንኪያ ልትሰጠው እንዳሰበች ሲሰሙ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ አመጡ፤ አሥሩ ላይ በእስክሪብቶ አሰመሩበት፤ ውኃ ቀድተው ሰጧትና ሦስት ጊዜ አስሞሏት። ከቀጠሮ ካርዱ ጀርባ ላይ ደግሞ ሰዓቶቹን ጻፉላት፦ ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6። «ቢተኛም ቀስቅሰሽ ስጪው፤ ሁለት ቀን ብቻ» አሏት። የሌሊቱን ስድስት ሰዓት ተራ የወሰድኩት እኔ ነበርኩ።